መንገድ መሪዎቹ፦ ከአትላስ ተራሮች እስከ አፉላ መሀል ከተማ

አፉላ የሜዳ ከተማ ናት። በይዝራኤል ሸለቆ መሀል ተዘርግታ ከሐይፋ ወደ ቤት ሸአን፣ ከናዝሬት ወደ ጄኒን የሚሄደውን መንገደኛ ስታሳልፍ ኖራለች። ከፍታ ፈልጎ ቀና ያለ ሰው በስተምሥራቅ የሞሬን ኮረብታ፣ አለፍ ብሎም ታቦርን ያያል፤ ሁለቱም 600 ሜትር አይሞሉም። ሆኖም በመሀል ከተማዋ፣ የተቆላ የሱፍ ፍሬ በሚሸጥባቸው ሱቆችና በአውቶቡስ ፌርማታዎቹ መካከል ከሚመላለሰው ሰው ጥቂት የማይባለው የተራራ ሰው ልጅ ነው። የአንዱ አያት ከሞሮኮ አትላስ፣ የሌላዋ እናት ከስሜንና ከጎንደር ደጋ ወርደው ነው እዚህ ሜዳ ላይ ጎረቤት የሆኑት።

አትላስም ስሜንም የእግር ጉዞ ወዳዶች ሲጎርፉባቸው የኖሩ ተራሮች ናቸው። ስለ ሁለቱም የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጓዦች ናቸው፤ መንገዱን ያሳየው፣ በቅሎውን የጫነው፣ ከሽፍታ ያስጣለው ሰው በኅዳግ ይጠቀሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጠቀስም። ይህ ትረካ ያንን ሰው እየተከተለ ከአትላስ እስከ አፉላ ይወርዳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ያልተጻፈው አንጥረኛ

በ19ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ሞሮኮ፣ አንቲ አትላስ ወደ በረሃ በሚያዘቀዝቅበት ዳርቻ፣ አካ በምትባል የተምር ዛፍ መንደር የተወለደ መርዶክዮስ አቢ ሰሩር የሚባል ረቢ ነበር። መጽሐፍም ንግድም ያውቃል። ሰሐራን ከግመል ነጋዴዎች ጋር አቋርጦ በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደ ቲምቡክቱ ወረደ፤ ለአይሁዳዊ ነጋዴ በተዘጋችው በዚያች ከተማ ከገዢዎቿ ጋር ተደራድሮ የመኖርና የመነገድ ፈቃድ አገኘ። ንግዱ ቀንቶት ቆየ። በኋላ ግን በመንገድ ላይ እየተዘረፈ ከሀብቱ ወጣ፤ ባዶ እጁን ወደ ሞሮኮ ጠረፍ ሲመለስ የቀረው ሀብት የመንገድ እውቀቱ ብቻ ነበር።

ይህን እውቀት ፈላጊ አላጣም። የጉዞ ታሪኩ በ1870 በፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ፤ እሱም ወደ ፓሪስ ተጠርቶ የመለኪያ መሣሪያ አያያዝ ተማረ። ከዚያ በኋላ በአትላስ ደቡብ እየዞረ ለፈረንሳይ ሊቃውንት ዕፅዋት ሰበሰበ፤ በአለት ላይ የተቀረጹ ጥንታዊ ሥዕሎችንም ቀድቶ ላከ።

በዚያው ዘመን ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ሐበሻ ምድር መጣ። በ1867 አሊያንስ የሚባለው የፓሪስ አይሁድ ማኅበር ልኮት በምጽዋ በኩል ገባና የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን የቤተ እስራኤልን መንደሮች ፈለገ። ነጭ አይሁዳዊ አለ ቢሏቸው የማያምኑ ሽማግሌዎች የሚስዮን ሰው መስሏቸው ተጠራጠሩት። ይህን ጥርጣሬ አሸንፎ ተመልሶ ስላየው ጻፈ። ከዚያ ወደ የመን አቀና። በ1870 በየመን ተራሮች ጥንታዊ የሳባ ጽሑፎችን ሲሰበስብ የመራው ሐዪም ሐብሹሽ የሚባል የሰንዓ መዳብ አንጥረኛ ነው። ብዙዎቹን ጽሑፎች ከየአለቱና ከየግድግዳው የቀዳለት እሱ ነበር። ሃሌቪ ግን ባሳተመው ሪፖርት የሐብሹሽን ስም አላነሣም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሐብሹሽ ራሱ ብዕር አነሣና የጉዞውን ታሪክ በራሱ ዓይን ጻፈ፤ መንገድ መሪ ስለ መንገዱ የጻፈው መጽሐፍ እምብዛም አይገኝምና ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ይነበባል።

የረቢው ጭንብል፣ 1883–1884

በ1883 ሻርል ደ ፉኮ የተባለ፣ ከጦር ሠራዊት የወጣ ወጣት ፈረንሳዊ ሞሮኮን ሊያቋርጥ ተነሣ። ያን ጊዜ የሱልጣኑ እጅ የሚደርሰው በሜዳውና በትልልቆቹ ከተሞች ነበር፤ ተራራውና ደቡቡ በበርበር ነገዶች እጅ ነው። ክርስቲያን አውሮፓዊ እዚያ ቢገኝ ሰላይ ነው ተብሎ ሊገደል ይችላል። እስላም መስሎ መግባት ከባድ ነው፤ አንድ የጸሎት ስሕተት ያጋልጣል። የቀረው ሦስተኛ መንገድ ነበር። በአትላስ ሸለቆዎች ውስጥ ከበርበሮች ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ አይሁድ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ሽልሓ የሚባለው በርበርኛ ወይም ዐረብኛ፣ ሥራቸው ብር አንጥረኝነት፣ ጫማና ኮርቻ ስፌት፣ በአህያ እየዞሩ መቸርቸር። ረቢ ከመንደር ወደ መንደር ቢሄድ የሚገርመው የለም።

ፉኮ አቢ ሰሩርን ቀጠረና ራሱን ከሩስያ ምድር የመጣ ረቢ ዮሴፍ አለማን ብሎ ሰየመ። ጥቁር ቆብ አጠለቀ፣ የአይሁድ ልብስ ለበሰ። ሰኔ 1883 ከአልጀርስ ተነሥተው በታንጀር፣ በፋስ፣ በቡጃድ አልፈው ከደምናት በስተደቡብ ከፍተኛውን አትላስ በቴሉት በኩል ተሻገሩ፤ ከዚያ ታዘናኽት፣ ቲሲንት፣ ታታ፣ በመጨረሻም የአቢ ሰሩር መንደር አካ። ማደሪያቸው በየመንደሩ የአይሁድ ሰፈር ነው፤ አስተናጋጆቻቸው የሚያበሏቸውም ለረቢ ክብር ብለው ነው።

በዚያ ተራራ አንድ ሕግ ነበር። በሌላ ነገድ መሬት የሚያልፍ እንግዳ ከዚያው ነገድ አንድ ሰው ይቀጥራል፤ ያ ሰው ዘጣት ይባላል። ዘጣቱ ከእንግዳው ጎን እስከሄደ ድረስ እንግዳውን የነካ የዘጣቱን ነገድ ነካ ማለት ነው። ድንበሩ ሲያበቃ ክፍያው ያበቃል፤ አዲስ ዘጣት ይፈለጋል። በነገዱ ውስጥ የሚኖር አይሁዳዊ ደግሞ በግ አርዶ ከአንድ ጌታ ጥበቃ ሥር ይገባል፤ ቃሉ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ስለዚህ በአትላስ መጓዝ ማለት ሰው ማወቅ ማለት ነበር። ማንን መቅጠር፣ ስንት መክፈል፣ ማንን አለማመን፤ ይህን የሚያውቀው አቢ ሰሩር ነው።

ፉኮ በመዳፉ የምትሸሸግ ማስታወሻ ደብተር ነበረችው፤ በመንገድ ሁሉ ሳይታይ ይጽፍባት ነበር። ሌሊት ሌሊት ከጣሪያ ላይ ወጥቶ በሴክስታንት ከዋክብትን ሲለካ አቢ ሰሩር ከታች ይጠብቃል። ሰው መጥቶ ያ ዕቃ ምንድን ነው ሲለው መልስ አያጣም። አንድ ቦታ ዕጣ ፈንታን ከሰማይ የሚያነብ ነው ይላል፤ ሌላ ቦታ የአይሁድን ኃጢአት የሚገልጥ ነው ይላል፤ በታዛ ደግሞ የኮሌራ መከላከያ ሆነ። ይህንን ሁሉ የምናውቀው ከፉኮ መጽሐፍ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አቢ ሰሩር ፈሪና አዘግይ እየተባለ ይወቀሳል። ስለ እያንዳንዱ መንደር አደጋ የሚያውቅና የማያውቅ ሰው እኩል አይደፍሩም፤ ወጣቱ መኮንን ያለ እሱ ጥንቃቄ ከቡጃድ ባልዘለቀ ነበር።

ፉኮ ለሌላ መሪው የበለጠ ምስጋና አለው። በቲሲንት ያገኘው ሐጅ ቡ ርሒም ማንነቱን እያወቀ ወደ ባሕር ዳር ኤሳዊራ ድረስ ወስዶ መልሶታል። ግንቦት 1884 ግን ወደ አልጀሪያ ድንበር ሲቃረቡ የቀጠሯቸው ሸኚዎች ራሳቸው ዘረፏቸው፤ ማስታወሻውንና መሣሪያውን ብቻ ተዉለት። እነዚያ ማስታወሻዎች በሞሮኮ ካርታ ላይ 2,250 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ ጨመሩ። ፉኮ በ1885 የጂኦግራፊ ማኅበሩን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ፤ መጽሐፉ በ1888 ታተመ። አቢ ሰሩር በ1886 በአልጀርስ ሞተ።

ጫፉ የተያዘበት ዘመን

በ1912 ፈረንሳይ በሞሮኮ ላይ ሞግዚትነቷን አወጀች። ተራራዎቹን በጦር ለማስገበር ግን እስከ 1934 ወሰደባት። ወታደሩ መንገድ በከፈተበት ሁሉ ተራራ ወጪው ተከተለ። ሰኔ 12 ቀን 1923 ማርኪ ደ ሰጎንዛክ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ቱብካል ጫፍ ላይ ደረሰ፤ 4,167 ሜትር፣ በሰሜን አፍሪካ የሚበልጠው የለም። ይህ በመዝገብ የተያዘው የመጀመሪያው መውጣት ነው። ከተራራው ሥር የሚኖሩት እረኞች ከዚያ በፊት ምን ያህል ጊዜ ወጥተው እንደሆነ መዝገብ የያዘላቸው የለም። በ1936 የቲሽካ መንገድ 2,260 ሜትር ከፍታ ላይ አትላስን ለመኪና ከፈተ፤ በ1938 የፈረንሳይ ተራራ ወጪዎች ማኅበር ከቱብካል ሥር የድንጋይ ማደሪያ ሠራ፤ በ1942 አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ከተራራው ሥር ያለችው የኢምሊል መንደር በቅሎ ነጂዎች ከዚያ ወዲህ አዲስ ገበያ አገኙ፤ ከጨውና ከእህል ይልቅ የእንግዳ ድንኳንና ገመድ መጫን ጀመሩ።

አይሁዳዊው ቸርቻሪ በዚያን ጊዜም በመንገዱ ላይ ነበር። እሑድ ወጥቶ መርፌ፣ ክር፣ ስኳርና ሻይ በአህያ ጭኖ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ ለሰንበት ወይም ለበዓል ወደ ሚስቱ ይመለሳል። ተራራውን ለእምነትም ይወጡታል። ወደ ዋርዛዛት በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ቲምዝሪት ውስጥ የረቢ ዳዊት ወሙሴ መቃብር አለ፤ በየዓመቱ ቤተሰቦች በበቅሎ ተጭነው ይመጡና ሻማ አብርተው፣ በግ አርደው፣ ሲዘምሩ ያድሩ ነበር። በርበር ጎረቤቶቻቸውም ለመታሰቢያው ይሳሉ ነበር። የቲንጊር አይሁድ የፋሲካውን ሌሊት ትረካ በበርበርኛ የሚያነቡበት ቅጂ ነበራቸው፤ ጽሑፉ በ1970 በፓሪስ ታትሟል። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ኤልያስ ሐሩስ የተባለ የአሊያንስ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ በየሸለቆው እየዞረ እነዚህን ሰዎች ፎቶግራፍ አነሣቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነዚያ መንደሮች አንድም አይሁዳዊ አልቀረምና፣ የሐሩስ ፎቶዎች ሳያስበው የመሰናበቻ መዝገብ ሆኑ።

ሜዳው ሲዘጋጅ

አትላስ እንዲህ ሲሆን አፉላም የራሷ ታሪክ ነበራት። የመስቀል ጦረኞች ምሽግ የነበረባት፣ በሚያዝያ 1799 የናፖሊዮን ሠራዊት የኦቶማንን ጦር የገጠመባት የአል-ፉላ መንደር በ1905 አካባቢ ከሐይፋ ወደ ደርዓ የሚሄደው ባቡር ጣቢያ ሆነች። መሬቱ የቤሩት ባለሀብቶች የሱርሱቅ ቤተሰብ ነበር፤ ሲሸጡት የሚያርሱት ዐረብ ገበሬዎች ተፈናቀሉ። በ1925 የአሜሪካ ጽዮናውያን ማኅበር በዚያው ቦታ የሸለቆውን ዋና ከተማ መሠረተ፤ ፕላኑን የነደፈው ሪቻርድ ካውፍማን ነው። በ1930 የሸለቆው ሆስፒታል ተከፈተ። ከተማዋ ግን መሥራቾቿ እንዳለሙት ቶሎ አላደገችም፤ ከ1948 በኋላ ነው ስደተኛ የሞላባት።

በ1948 በሞሮኮ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ አይሁዳዊ ይኖር ነበር። ወደ እስራኤል ለመሄድ ከተነሣሡት ውስጥ የተራራ ሰዎች ይበዙ ነበር፤ ኢየሩሳሌም ለእነሱ በየቀኑ ጸሎት የምትጠራ ቦታ ነች። ነገር ግን በ1951 መጨረሻ እስራኤል ያወጣችው የመምረጫ ደንብ ጤነኛና ጉልበተኛን አስቀድሞ ሽማግሌንና በሽተኛን ወደ ኋላ የሚያስቀር ነበር። ቤተሰብን ያለ አያት ማስነሣት በአትላስ የማይታሰብ ነውና ብዙዎች አንሄድም አሉ። በ1954 አዲስ አሠራር መጣ፤ «ከመርከብ ወደ መንደር» ተባለ። ስደቱን የሚያደራጀው የጁዊሽ ኤጀንሲ ሠራተኞች፣ ከእነሱም ዋነኛው ይሁዳ ግሪንከር፣ በበቅሎና በጂፕ አትላስን እየዞሩ መንደርን ከነሙሉ ሰዉ መዘገቡ። የተራራ ሰው ለእርሻ ይሆናል የሚል እምነት ነበራቸው። ሐይፋ ወደብ ላይ የወረደው ሰው በዚያው ዕለት በጭነት መኪና ወደ ተዘጋጀለት መንደር ይወሰድ ነበር፤ ብዙውም ሌሊት ነበር የሚደርሰው።

ከእነዚህ መንደሮች አንዱ ክፍል ከአፉላ በስተደቡብ ያለው የታአናኽ አካባቢ ነው። ባራቅ፣ ዲቦራና አዲሪም የሚባሉት መንደሮች በ1956 ከሞሮኮ በመጡ ሰዎች ተመሠረቱ። በአፉላ ራሷም በሞሬ ኮረብታ ላይ ለአዲስ መጪ ቤቶች ተሠርተው አፉላ ኢሊት አደገች። ከአትላስ የመጣው ሰው ገበሬ ሳይሆን አንጥረኛ፣ ሰፊ፣ ነጋዴ እንደነበር የኤጀንሲው ሰዎች ያወቁት ቆይተው ነው። አህያ እየነዳ አሥር ሸለቆ የሚያውቅ ሰው የአንዲት ቁራጭ መሬት ጠባቂ ሆነ። ሞሼ ሾኬድ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ከአትላስ አንድ መንደር ወደ ኔጌቭ የመጡ ሰዎችን አጥንቶ፣ በተራራው ሳሉ የነበራቸው ክብርና ቂም ወደ አዲሱ መንደር እንዴት እንደተሻገረ አሳይቷል። በታአናኽም ነገሩ ብዙ የተለየ አልነበረም።

ሞሮኮ በ1956 ነፃ ስትወጣ ስደቱ ተከለከለና ወደ ድብቅ ሥራ ተለወጠ። ጥር 1961 ኤጎዝ የምትባል ጀልባ ሰዎችን በስውር ስታሻግር በባሕር ላይ ሰጠመች፤ 44 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ስምምነት ከ1961 መጨረሻ እስከ 1964 ከ80,000 በላይ ሰው ወጣ። አውቶቡሶች ወደ አትላስ መንደሮች እየመጡ ቤተሰቦችን ጫኑ። ጎረቤቶቻቸው ቁልፍ ተቀብለው፣ ከብት ገዝተው፣ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አትላስ ከአይሁዱ ተለየ።

የሌላው ተራራ መሪዎች

አፉላ ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለተኛ የተራራ ሕዝብ ተቀበለች። ቤተ እስራኤል በስሜን አምባዎች ላይ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የተዋጉበት ዘመን ቢያልፍም መንደሮቻቸው በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በወልቃይትና በትግራይ ተበትነው ቆይተዋል። ለእነሱም ተራራ የጸሎት ቦታ ነው። ስግድ በሚባለው በዓላቸው ቀን ንጹሕ ለብሰው፣ ጾመው፣ ከቄሶቹ ኋላ ሆነው አምቦበር ተራራ ላይ ይወጣሉ፤ ኦሪት ተነቦ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰግዶ፣ ከዚያ ወርደው በአንድነት ይበላሉ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የትግራዩ መምህር ፈረደ አክሉም ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከእስራኤል ሰዎች ጋር ተገናኘና የሱዳን መንገድ መኖሩን ለወገኖቹ አስታወቀ። ከዚያ ብዙ ሺህ ሰው በሌሊት ተነሣ። ቀን በጫካ ተደብቆ፣ ሌሊት በእግር፤ የሳምንታት መንገድ ነው። የሚመራቸው የአገሩን ገደልና ወንዝ የሚያውቅ ሰው ነበር። አንዳንዱ መሪ ቃሉን ጠብቆ ድንበር አደረሳቸው፤ አንዳንዱ በመንገድ ጨምር አለ፤ አንዳንዱም ለሽፍታ አሳልፎ ሰጣቸው። በአትላስ ፉኮን የሸኙትና የዘረፉት ሰዎች ዓይነት ሁለቱም በቋራ በረሃም ነበሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች፣ በተለይ በኡም ራኩባ፣ ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

ጭንብሉም ተደግሟል። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሱዳኗ አሩስ፣ ተዘግቶ የነበረ የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ የዋናና የጥልቅ ባሕር ጠለቃ ማረፊያ ብሎ ከፈተው። የእውነት ጎብኚዎች መጥተው ገንዘብ ከፍለው ተዝናኑበት። ሌሊት ደግሞ የማረፊያው ሠራተኞች ወደ ገዳሪፍ መጠለያዎች በመኪና እየሄዱ ሰዎቻችንን ያመጡ ነበር፤ መጀመሪያ በጀልባ፣ በኋላ በረሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን አወጧቸው። ፉኮ ረቢ መስሎ ተጓዘ፤ እነዚህ የጉዞ ነጋዴ መስለው። በኅዳር 1984 ሙሴ ዘመቻ ተጀመረና በጥር 1985 መጀመሪያ ወሬው ሲወጣ ተቋረጠ፤ በስድስት ሳምንት ወደ 8,000 ሰው ተጓጉዟል። በግንቦት 1991 ሰለሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት አወጣ።

ከእነዚህ ብዙ ቤተሰቦች በአፉላ ሠፈሩ። የጎረቤቶቻቸው ወላጆች ከሠላሳ ዓመት በፊት ያዩትን አዩ፤ ስማቸው ተለወጠ፣ ቄሶቻቸው በመንግሥት ረቢዎች ፊት ዕውቅና አጡ፣ ሽማግሌ ልጁን አስተርጓሚ አደረገ። በዓላቸውን ግን ሁለቱም አልተዉም። ሚሙና የሞሮኮ ቤቶችን በር የሚከፍት በዓል ነው፤ ፋሲካ ባለቀ ማታ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ስስ ቂጣ በማርና በቅቤ ይበላል። ስግድም በ2008 በሕግ የአገር በዓል ተባለ። አሁን ቄሶቻችን የሚወጡት ኢየሩሳሌም ውስጥ ከአርሞን ሐናጺብ ኮረብታ ላይ ነው።

ወደ ተራራው መመለስ

ለሞሮኮ ሰዎች የመመለሻው በር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገርበብ አለ። ሁለቱ አገሮች በ1994 የግንኙነት ቢሮ ከፈቱ፤ በ2000 ተዘጉ። በሩ ሲዘጋም የሚሄደው በሌላ አገር በኩል ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱም መቃብሮቹ እዚያ ናቸው። ቅዱሳኑን ወደዚህ ያመጡም ነበሩ። በ1973 በጽፋት የሚኖር አንድ ከአትላስ የመጣ ሰው ረቢ ዳዊት ወሙሴ በሕልም ተገልጦ ወደ እስራኤል መምጣቱን እንደነገረው ተናገረና ቤቱን መታሰቢያ አደረገ፤ ዓመታዊው በዓል ብዙ ሺህ ሰው መሳብ ጀመረ። ከአፉላ ሩቅ ባልሆነችው ቤት ሸአንም ሌላ የሞሮኮ ሰው በሕልም አየሁ ብሎ በጓሮው የገነትን በር አሳየ።

በ2011 የሞሮኮ አዲስ ሕገ መንግሥት አማዚግኛን፣ ማለት በርበርኛን፣ የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ በመግቢያውም የአገሪቱ ማንነት ዕብራዊ ምንጭ እንዳለው ጻፈ። በተከታዩ ዓመት በቲንጊር የተወለደው ካማል ሐሽካር «ቲንጊር ኢየሩሳሌም» የሚል ዘጋቢ ፊልሙን በሞሮኮ ቴሌቪዥን አቀረበ። ባዶ የቀሩትን የአይሁድ ቤቶች አይቶ ባለቤቶቹን ፍለጋ እስራኤል ድረስ መጣ፤ በዕድሜ የገፉ ሴቶች በበርበርኛ ሲያወሩት ይታያል። ፊልሙ ሙገሳም ተቃውሞም ገጠመው።

ታኅሣሥ 2020 እስራኤልና ሞሮኮ ግንኙነታቸውን አደሱ፤ ሐምሌ 25 ቀን 2021 ቀጥታ የመንገደኛ በረራ ወደ ማራኬሽ ተጀመረ። ሁለት ዓይነት መንገደኛ በአንድ አውሮፕላን ተሳፈረ። አንዱ ጫማውን አጥብቆ ቱብካልን ሊወጣ የሚሄድ ወጣት ነው፤ ሌላዋ የአባቷን መንደር በወረቀት ጽፋ የያዘች ሴት ናት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል የአገራችን ሰው። በአፉላና በታአናኽ ያደገው የልጅ ልጅ ግን ያላየውን ሸለቆ በአያቱ አፍ ያውቀዋል፤ የሚናፍቀውም በዚያው ልክ ነው።

ኢምሊል ሲደርሱ ግን ሁለቱም መሪ ያስፈልጋቸዋል። ታኅሣሥ 2018 ሁለት የስካንዲኔቪያ ወጣት ሴቶች ከኢምሊል አቅራቢያ በአሸባሪዎች ከተገደሉ ወዲህ ያለ ፈቃድ ያለው መሪ ወደ ቱብካል መውጣት ክልክል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በልማድ የነበረው ዘጣት በኬላና በመታወቂያ ተመለሰ ማለት ነው። የአባትን ቤት ለሚፈልግ ደግሞ መሪው ከዚያም በላይ ነው። ሜላሕ የሚባለው የአይሁድ ሰፈር የቱ ጋ እንደነበር፣ መቃብሩን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሽማግሌ ቤተሰቡን እንደሚያስታውስ ከመንደሩ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። በብዙ ቦታ የአይሁድን መቃብር ቁልፍ የያዘው እስላም በርበር ነው፤ ሥራውን ከአባቱ ወርሶ።

በስሜንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆነ፤ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር ሲመናመን በ1996 አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። ደባርቅ ላይ የሚመዘገብ እንግዳ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ሳይዝ አይገባም፤ መሪና በቅሎ ነጂም አብሮት ይሄዳል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመውን ራስ ዳሽንን ሊወጣ የሚሄድ እስራኤላዊ ወጣትም ሆነ ወላጆቹ የወጡበትን መንደር፣ ወለቃን ወይም አምቦበርን፣ ሊያይ ጎንደር የሚወርድ የአፉላ ልጅ በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የሚያልፈው።

መስከረም 8 ቀን 2023 ሌሊት በመጠን 6.8 የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ ከፍተኛውን አትላስ መታ። ከ2,900 በላይ ሰው ሞተ፤ የጭቃና የድንጋይ ቤት የነበራቸው መንደሮች ከነሰዋቸው ተደረመሱ። መኪና ሊገባ ባልቻለበት ቦታ ዱቄትና ብርድ ልብስ ያደረሱት እንግዳ ሲጭኑ የኖሩት በቅሎዎችና ነጂዎቻቸው ናቸው። በወሩ ደግሞ የጋዛ ጦርነት ተነሣና የእስራኤል ቀጥታ በረራ ተቋረጠ። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ወዲህ በተነሣው ግጭት የስሜን እንግዳ ቀረ። በሁለቱም ተራሮች መጀመሪያ ገቢው የነጠፈበት መሪው ነው፤ መንገደኛው ሌላ ተራራ ይመርጣል፣ መሪው ግን ያለው ተራራ አንድ ነው።

ከአቢ ሰሩር እስከ ዛሬው የኢምሊልና የደባርቅ መሪ ድረስ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ተራራ በጀግና ብቻ አልተከፈተም፤ በሚያውቅ ሰው ነው የተከፈተው፤ ያ ሰው ግን ዋጋውን ሲቀበል ስሙን አብሮ ይሸጥ ነበር። አፉላ ይህን ለማስተካከል ከማንም ይልቅ ይመቻታል። በአንድ አደባባይ ዙሪያ የአትላስ ቸርቻሪ የልጅ ልጅና በሌሊት ወደ ሱዳን የተሻገሩ አባት ልጅ አብረው ይኖራሉ። ስለ ጉዞው የሚጠየቁ አዛውንቶች ገና አሉ፤ የመራቸውን ሰው ስም፣ የመጣበትን መንደር፣ የተቀበለውን ዋጋ ያስታውሳሉ። ሐብሹሽ ታሪኩን ራሱ እስኪጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ወስዶበታል። የሱዳን መንገድ ከተሄደ አርባ ዓመት አልፏል፤ የአትላስ መንደሮች ከተለቀቁ ስድሳ። ወደ ተራራው ለመመለስ ትኬት የሚቆርጥ ወጣት አስቀድሞ ቤቱ ያሉትን መሪዎች መጠየቅና ስማቸውን መመዝገብ ይኖርበታል፤ እዚያ ሲደርስም የሚመራውን ሰው ስም እንዲሁ።